አሥራ ሁለተኛዋ ጽጌረዳ

እናቴ ሰው የምትጠላው በትዕግሥት ነበር። ሌላው ሰው ይቆጣል፣ ይሳደባል፣ ሁለት ቀን ያኮርፍና ይወጣለታል። እሷ ግን ቂሟን ጥላ ሥር እንዳስቀመጠችው ችግኝ ጠዋት ማታ እያየች፣ ሳትቸኩል ቀኑን ትጠብቃለች። እኔ ቂሟን ወረስኩ፤ ትዕግሥቷን ግን አልወረስኩም። ቤታችን ላይ የደረሰው ሁሉ የደረሰው በዚህ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ በግቢያችን ውስጥ የጽጌረዳ ችግኝ እያፈላች ትሸጣለች። ከዚያ በፊት በትልቁ ችግኝ ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። እዚያ ሳለች ነው ሁለት ዓይነት ጽጌረዳ አዳቅላ፣ ዘሩን ዘርታ፣ ከበቀለው መርጣ፣ የማይሆነውን ጥላ፣ እንደገና አዳቅላ፣ በስድስተኛው ዓመት አንዲት አበባ ያገኘችው። ውስጧ የበሰለ ፓፓያ የመሰለ፣ ጠርዟ ቀላ ያለ። «የኔዋ» ነበር የምትላት፤ ሌላ ስም አላወጣችላትም። ስም ያወጣችላት የጣቢያው ኃላፊ ናት። ያወጣችውም የራሷን ስም ነው።

ኃላፊዋን ሠራተኞቹ «እትዬ ጓንት» ይሏታል። ነጭ ጓንት ሳታጠልቅ ከቢሮዋ አትወጣም፤ አፈር ነክታ አታውቅም ይባላል። በዚያ ዓመት የአበባ ኤግዚቢሽን ላይ «የኔዋ» መሃል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ ፊት ለፊቷ በቆመው ሰሌዳ ላይ የእትዬ ጓንት ስም ተጽፎ እናቴ አየች። ሰው መሃል ቆማ «ይቺ የእኔ ናት» አለች። በሳምንቱ «የጣቢያውን ተክል ወደ ቤቷ ስታሸሽ ተገኘች» ተብላ ከሥራ ተባረረች። ምንም አላሸሸችም። ይዛ የወጣችው አንድ ደብተር ብቻ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የቱን ከየቱ ጋር፣ በየትኛው ቀን እንዳዳቀለች የመዘገበችበት። ያንን ደብተር አስደግፋ ለአበባ አብቃዮች ማኅበር ክስ አስገባች። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ የዚያች ጽጌረዳ ስም ከሰሌዳው እንዲፋቅ። ማኅበሩ «እናየዋለን» አለ፤ ለማየትም አልቸኮለም።

እናቴ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ፀጉሬን ስትሠራኝ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ትላለች። ፀጉሬን ስትሠራኝ ስትለው ይበልጥ ያማል።

እኔ የግቢው ሐኪም ነበርኩ። «ዶክተር» ትለኛለች። በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት በየመደቡ እየዞርኩ ቅጠል እገለብጣለሁ። ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶ ዙሪያው ቢጫ ከሆነ ቅጠሉ ተቀንጥሶ ይቃጠላል፤ መሬት ላይ የወደቀውም ይለቀማል። ለጋው ጫፍ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለ ካለ ነፋስ አጥቷልና ሳሳ ተደርጎ ይገረዛል። ከቅጠሉ ሥር ብርቱካንማ ዋግ ካለ እናቴ ራሷ ትጠራለች። መቀስ ከአንዱ ጽጌረዳ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት በረኪና ውስጥ ይነከራል። ይህን ሁሉ በዘጠኝ ዓመቴ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃሌ እወጣው ነበር። ያልተማርኩት ከአፈር በታች ያለውን ነው።

ከቤታችን ጀርባ፣ ከውሃ በርሜሉ ማዶ፣ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለች አንዲት ቀይ ጽጌረዳ ነበረች። ከሌሎቹ ጋር ምንም ነገሯ አይነካካም። የራሷ ውሃ ማጠጫ አላት፣ የራሷ መቀስ አላት፣ የተቀመጠችው ድንጋይ ላይ ነው። እናቴ ወደ እሷ ስትሄድ እጇ ላይ ፌስታል ታጠልቃለች፤ ስትመለስ እስከ ክርኗ በሳሙና ትታጠባለች። አንድ ቀን ልጠጋት ስል ከሩቅ «አንቺ ልጅ! ወዲያ በይ!» ብላ የጮኸችብኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

የልጅ አእምሮ ከዚህ የሚያወጣው ትርጉም አንድ ነው። የራሱ ሳህንና የራሱ ኩባያ ያለው፣ ልጆች እንዳይነኩት የሚከለከሉት ሰው የተከበረ እንግዳ ነው። ይቺ ጽጌረዳ ንግሥት ናት አልኩ።

ዛሬ የምተዳደረው በተክል በሽታ ምርመራ ነው። የታመመ ተክል እንዴት ተለይቶ እንደሚቀመጥ ለሰው አስተምራለሁ። የራሱ መቀስ፣ የራሱ ውሃ ማጠጫ፣ ከነኩት በኋላ እጅ መታጠብ። እዚያ ትምህርት ላይ ስደርስ ቶሎ ቶሎ እናገራለሁ።

ንግሥቲቱን ያመጣት የእናቴ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው አጎቴ ነበር። ከሌላ ከተማ ከጫናቸው ችግኞች ጋር ነው የመጣችው። አንድ እሑድ ከበርሜሉ አጠገብ ቆመው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«እህት ዓለም፣ ይቺን ነገር እስካሁን አላስወገድሻትም?»

«ቦታዋ እስኪገኝ ነው።»

«የምን ቦታ?»

«የሚገባት ቦታ።»

አጎቴ ጭንቅላቱን አከከ። «ጉድጓድ ስትምሺ አታርቂው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» አላት።

«አንተ መኪናህን ንዳ።»

እኔ ስለ አተካከል የሚነጋገሩ መስሎኝ ነበር። የጽጌረዳ ጉድጓድ አንድ ክንድ እንደሚበቃ አውቃለሁና አጎቴ ትክክል ነው ብዬ ፈረድኩ።

ከዚያ እትዬ ጓንት መጣች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ነጭ ጓንቷን አድርጋ፣ በራችንን በጣቷ ጫፍ ገፍታ ገባች። እኔ ቅጠል እየገለበጥኩ ነበር። ደስ አለኝ። አሁን እናቴ መኮትኮቻውን አንስታ ታባርራታለች ብዬ ጠበቅሁ። እናቴ ግን ወንበር አወጣችና በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት።

«ይቀመጡ እትዬ።»

«የድሮው ድሮ ነው፤ አይደል?» አለች እትዬ ጓንት፣ የወንበሩን ንጽሕና እያየች።

«ድሮ ነው።»

«ቤት ሠርቻለሁ። ከበሩ እስከ በረንዳው ድረስ ግራና ቀኝ ስድስት ስድስት ቀይ ጽጌረዳ እፈልጋለሁ። የሄድኩበት ሁሉ የሚነግሩኝ ስለ አንቺ ነው። ያንቺ ችግኝ በሽታ አያውቅም ይላሉ።»

«ዶክተር አለቻ» አለች እናቴ ወደ እኔ እየጠቆመች። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

እናቴ በቀዮቹ ሰልፍ መሃል ይዛት ዞረች። ሁሉም በአንድ ዓይነት ጥቁር ፕላስቲክ የተተከሉ፣ ከአንድ እናት ግንድ የወጡ ናቸው። እንዴት እንደሚመረጥ እንደ ተማሪ አስተማረቻት። «ቢያንስ ሦስት ጠንካራ ቅርንጫፍ ይቁጠሩ። ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ፤ ፊቱ ይዋሻል፣ ጀርባው አይዋሽም። አበባ ያወጣውን አይመልከቱ፤ አበባ ሰው ለማታለል ነው። ቆዳው ያልተላጠውን፣ ያልተጨማደደውን ይውሰዱ።» እትዬ ጓንት በጓንቷ ጫፍ «ይሄ፣ ይሄ፣ ያም» እያለች አሥራ አንድ መረጠች።

«አሥራ ሁለተኛዋን ለእኔ ይተዉልኝ» አለች እናቴ። «ለበሩ የምትሆን አንዲት አለችኝ። እስከ ዛሬ ለማንም አልሰጠኋትም።»

እጄ ላይ የነበረውን ቅጠል ጨመደድኩት። ንግሥቲቱን! ለዚያች ሌባ! እናቴ ፈሪ መሆኗን ያን ጊዜ አወቅሁ። አራት ዓመት ሙሉ «የተወጋ አይረሳም» ስትለኝ ኖራ፣ የወጋቻት ሴት ስትመጣ ከሁሉ የምትሳሳለትን መርቃ ትሰጣታለች። አፈርኩባት። እትዬ ጓንትንም ከቀድሞው እጥፍ ጠላኋት፤ እናቴን እንዲህ አድርጋ አስፈርታታለችና።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ፌስታሏን አጥልቃ ንግሥቲቱን ከቆርቆሮው ወደ ጥቁር ፕላስቲክ አዛወረቻት። ለምልክት ነጭ ጨርቅ ግንዷ ላይ አሠረችና ከአሥራ አንዱ ራቅ አድርጋ በሩ አጠገብ አስቀመጠቻት። አጎቴ በማግስቱ ጠዋት ጭኖ ሊወስድ ነው።

«ይቺ ጨርቅ ያላት በበሩ ጥግ ትተከል ብለህ ንገራቸው» አለችው። «አፈሩን በእጃቸው ጠቅጠቅ ያድርጉት።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ እናቴ እሳት ስታያይዝ፣ ወጣሁ። የማደርገውን ሌሊቱን ሙሉ አስቤበታለሁ። ከሰልፉ ከግራ ሦስተኛዋን አነሳሁ። ነጩን ጨርቅ ከንግሥቲቱ ፈትቼ እሷ ላይ አሠርኩና በሩ አጠገብ አቆምኳት። ለይቶ የሚያውቃት ሰው የለም። ንግሥቲቱን ግን የት ልደብቃት? ከአጥሩ ሥር እናት ግንዶች የሚኖሩበት መደብ አለ፤ እናቴ ሌላ ግንድ ላይ አጣብቃ ለማብቀል የምትፈልገውን እምቡጥ ሁሉ የምትቆርጠው ከዚያ ነው። ከመካከላቸው አንዷ በዚያ ወር ደርቃ ጉድጓዷ ባዶውን ነበር። ለንግሥት ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

ፕላስቲኩን ስቀድደው አፈሩ ተናደና ከግንዷ ሥር አንድ ነገር ብቅ አለ። የጨቅላ ጡጫ የሚያክል፣ ዝንጅብል የመሰለ ጓጓላ እብጠት። በሌሎቹ ላይ አይቼው አላውቅም። ደስ አለኝ። እንደ ጠገበ ሰው ሆድ ነው፣ ምግቧን እዚህ ነው የምታስቀምጠው አልኩ። ቀበርኳትና አፈሩን በእጄ ጠቅጠቅ አደረግሁት።

እናቴ ስታይ «ማን ሞላው?» አለች።

«እኔ። ከቀዮቹ ከሰልፉ አንዷን ተከልኩበት።»

ሰልፉን ቆጠረች። አንድ ጎድሏል። ልክ ነው። «ጎበዝ ዶክተር!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ዓይን ያወጣ ውሸት ዋሽቼ የተሳምኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አጎቴ አድርሶ ሲመለስ እናቴ ልብስ እያጠበች ዘፈነች። ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም ነበር። እኔም ዘፈንኩ። ሁለታችንም በአንዲት ሴት ላይ ድል አድርገን፣ በአንድ ገንዳ ልብስ እያጠብን፣ አንዳችን የሌላችንን ሳናውቅ ዘፈንን።

ከዚያ በኋላ ከገበያ ስንመለስ መንገድ ማዞር ጀመርን። እናቴ የእትዬ ጓንት አጥር ጋ ስትደርስ ዘንቢሏን ታስቀምጥና በብረቱ መሃል አሾልቃ ታያለች። የበሩ ጥግ ጽጌረዳ በየሳምንቱ ይለመልማል። አበባው በአበባ ላይ ይደራረባል። እናቴ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ «ገና ነው» ትላለች፣ ዘንቢሏን ታነሳለች። በሌላኛው ወር ደግሞ «እንዴት ነው ነገሩ?» ትላለች። እኔ በመስጠቷ የተቆጨች መስሎኝ በልቤ «አይዞሽ፣ እውነተኛዋ ቤታችን ናት» እላት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የእኛ መደብ ተበላሸ። መጀመሪያ ንግሥቲቱ ነበረች፤ ቅጠሏ አነሰ፣ ቢጫ ሆነ፣ አበባዋ ሳይፈነዳ መድረቅ ጀመረ። ቀጥሎ ጎረቤቶቿ። እየዞርኩ ቅጠል ገለበጥኩ፤ ነጠብጣብ የለም፣ ዱቄት የለም፣ ዋግ የለም። ዶክተሯ ምንም አላገኘችም። አንድ ጠዋት እናቴ አንዷን በአካፋ ቆፈረችና ነቀለቻት። ከዚያ ሁለተኛዋን። ከዚያ ሁሉንም። ሁሉም ሥራቸው ላይ ዝንጅብል አብቅለዋል። እናቴ አፈሩ ላይ ቁጭ አለችና ሁለት እጆቿን ገልብጣ ገልብጣ አየቻቸው።

«በእጄ ነው» አለች። «በገዛ እጄ ነው ያመጣሁት።»

እኔ ግን ማን እንዳመጣው አውቄያለሁ። እትዬ ጓንት መርዝ አስረጭታ ነው! በማታ ሰው ልካ ነው! ሌላ ማን ይጠላናል? ይህን ለእናቴ ስነግራት እንኳ አልሰማችኝም።

አሁን ላስረዳ። ያ በሽታ የሚገባው በቁስል ነው። ስንኮተኩት የመኮትኮቻው ጫፍ የሥሩን ቆዳ ይጭራል፣ ከአንዱ ያነሳውን ለሌላው ያደርሳል። መቀሱን በረኪና ነክረናል፤ መኮትኮቻውን ነክረነው አናውቅም። የዚያን መደብ አረም የምኮተኩተው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

እናቴ መደቡን በሙሉ አቃጠለችው። በዚያው ሰሞን ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣ፤ የጽጌረዳዋ የስም ክስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰማል፣ ደብተርሽን ይዘሽ ቅረቢ የሚል። ስድስት ዓመት የጠበቀችው ደብዳቤ ነው። አነበበችውና አጥፋ ትራስ ሥር ከተተችው። በማግስቱ እጄን ይዛ እትዬ ጓንት ቤት ወሰደችኝ።

በረንዳው ላይ ስንደርስ «አንቺ እዚያ ጽጌረዳዎቹ ጋ ቆዪ» አለችኝ። ከሩቅ አያቸዋለሁ። እናቴ ቆማለች፣ እትዬ ጓንት ተቀምጣለች። የእናቴ አንገት እንደተሰበረ ነው። ንግግራቸው በቁርጥራጭ ይደርሰኛል። «...አውቄ ነው፣ እትዬ...» «...ሥሩ ላይ...» «...እግዚአብሔር ከፈለኝ...» ከዚያ የእትዬ ጓንት ድምፅ፣ ቀስ ያለ፤ «ክሱስ?» ከዚያ ጓንቱ መጥቶ የእናቴ ትከሻ ላይ አረፈ።

እናቴ የመረዘችንን ሴት ይቅርታ ስትለምን ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ከበሩ እስከ በረንዳው ያለውን እምቡጥ ሁሉ ቀንጥሼ ኪሶቼን ሞላሁ፤ ያልፈነዳ አንድ አላስቀረሁም። እሾሁ መዳፌን ዘለዘለው። ስንወጣ እናቴ አላየችም። ምንም የምታይ አልነበረችም።

ክሱን ተወችው። «የኔዋ» የእትዬ ጓንትን ስም እንደያዘች ቀረች። በእኛ ግቢ ጽጌረዳ ዳግም አልተተከለም፤ አፈሩ ታሟል፤ እናቴ የጎመንና የቲማቲም ችግኝ መሸጥ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ጽጌረዳ የምትነካው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ መቀሷን ይዛ እትዬ ጓንት ቤት ትሄዳለች። የበሩን ጥግ ጽጌረዳ ሥር ትጭራለች፣ ቅጠል ትገለብጣለች፣ ትገርዛለች። «የሰጠኋት በሽታ ከሥር ተደብቆ ነው፤ ወደ ሌሎቹ እንዳያልፍ መጠበቅ አለብኝ» ትላለች። በረንዳው ሥር «የኔዋ» በትልቅ ሰሌዳ ታጅባ ተተክላለች። እሷንም ትገርዛታለች። ሃያ ሦስት ዓመት።

እኔ የገባኝ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። መምህሩ ከመደርደሪያው አንድ ብልቃጥ አወረደ። ብልቃጡ ውስጥ የጽጌረዳ ሥር፣ ሥሩ ላይ ዝንጅብል የመሰለ እብጠት። «ይህን የያዘ ተክል ሲገኝ ወዲያው ይቃጠላል፤ ለጊዜው ካልተቃጠለ ተለይቶ ይቀመጣል...» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም።

ለእረፍት ስመጣ «እማዬ፣ ከበርሜሉ ማዶ የነበረችው ቀይ ጽጌረዳ ምን ነበረች?» አልኳት። ሁሉን ነገረችኝ። በሽተኛ መሆኗን አውቃ አንድ ዓመት እንዴት እንዳስቀመጠቻት፣ ለማን እንዳሰበቻት፣ እግዚአብሔር በእጇ ላይ እንዴት እንደመለሰባት። አለቀሰች። አፌን ከፈትኩ። «እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ» ልል ነበር። አፌን ዘጋሁት። ነገ እላታለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ነገ ወለደ።

ባለፈው ዓመት ማኅበሩ ማስታወቂያ አወጣ። የእትዬ ጓንት ጽጌረዳ በከተማው ትልቁ አደባባይ ላይ ዙሪያውን ሊተከል ነው፤ ስሟ በእብነ በረድ ይቀረጻል፤ ተቃውሞ ያለው እስከ ወሩ መጨረሻ ያቅርብ። ያን ቅዳሜ እናቴ ከእትዬ ጓንት ቤት እጇን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። እሾህ ወግቷት አብጧል። «ለአደባባዩ የሚሆን እምቡጥ እየቆረጥኩላት ነው» አለች። የገዛ ልጇን ለሌባ እየዳረች! በቃኝ። ያቺ ሴት በእብነ በረድ ላይ ስትጻፍ ቆሜ አላይም። ወጥ እያማሰልኩ፣ ፊቴን ወደ ምድጃው አድርጌ፣ የሠራሁትን ነገርኳት። ጨርቁን፣ ጉድጓዱን፣ ከግራ ሦስተኛዋን።

እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው እንደ ባለሙያ ነው።

«ከግራ ሦስተኛዋ ጤነኛ ነበረች?»

«ጤነኛ ነበረች።»

«ሥሯን አይተሻል?»

«አላየሁም። ግን ሃያ ሦስት ዓመት አንቺ አይተሻታል።»

በሳቅ ፈነዳች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ተነስታ ፊቷን ታጠበች፣ ጥሩ ጫማዋን አደረገች፣ «ተነሺ» አለችኝ። መንገድ ላይ እየዘለልኩ ነበር ማለት ይቻላል። በሠላሳ አራት ዓመቴ! ለእናቴ መሣሪያ አቀብዬያት፣ አሁን ያቺን ሴት ልትጨርሳት ነው ብዬ።

እትዬ ጓንት በረንዳው ላይ ነበረች፤ ሰማንያ አልፏታል፣ ጓንቷ ግን እንደ ነጣ ነው።

«አንቺ» አለቻት እናቴ። በሕይወቷ እትዬ ጓንትን «እርስዎ» ሳትል ስትቀር ያን ቀን ነው የሰማሁት። «በሽተኛ ጽጌረዳ አልሰጠሁሽም። ሳላውቅ ጤነኛ ነው የሰጠሁሽ። ሃያ ሦስት ዓመት ያገለገልኩሽ ባልደረሰብሽ በደል ነው። ይቅርታዬን መልሺልኝ፤ ክሴን እቀጥላለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች እትዬ ጓንት።

«ምኑን?»

«ጤነኛ መሆኗን። ያኔ ይቅርታ ብለሽኝ በሄድሽ በወሩ ባለሙያ አምጥቼ አስነቀልኳት። ሥሯ እንደ ሕፃን ጥርስ ነጭ ነው። መልሰን ተከልናት።»

«አውቀሽ ዝም አልሽ?»

«ክሱን ትተሻል። በየወሩ እየመጣሽ ግቢዬን ታሳምሪያለሽ። ምን ብዬ ልናገር? አንቺ ብትሆኚ ትናገሪ ነበር?»

እናቴ አሰበችበት። በእውነት አሰበችበት።

«አልናገርም ነበር» አለች።

ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «የሠራሽውን ነገርሽኝ። የገባሽ መቼ እንደሆነ ግን አልነገርሽኝም።»

መዋሸት እችል ነበር። ትናንት ማለት እችል ነበር። ግን የእናቴ ፊት ጽጌረዳ የምትመረምርበት ፊት ነው፤ ቅጠል ገልብጦ የሚያይ። «ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት» አልኩ።

በጣቶቿ ቆጠረች። ያበጠው እጇ አልታጠፍ ሲላት በሌላኛው ጨረሰች። «አሥራ አራት ዓመት» አለች። «በየወሩ መቀሴን እያቀበልሽኝ።»

«ፈርቼ ነው እማዬ።»

«እሷ ጠላቴ ናት» አለች ወደ እትዬ ጓንት በአገጯ እያሳየች። «ጠላት ይህን ቢያደርግ ወጉ ነው።»

መውረጃ ደረጃው ላይ ክንዷን ይዤ ልደግፋት ስል ነጠቀችኝ።

ሰኞ ጠዋት ማኅበሩ ቢሮ ሄድን። እናቴ የድሮ ደብተሯን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ጸሐፊው ወጣት ልጅ ነው፤ ቅጹን አወጣ፣ እስክሪብቶውን ሞከረ።

«ምስክር አለዎት እማማ?»

«አለኝ። ይቻት። ያኔ ክሱን ያስጣለኝ ምን እንደሆነ ከሥሩ ጀምራ ትናገራለች። ማን አውቆ ዝም እንዳለም ትናገራለች፤ አንድ ሰው ሳታስቀር።»

ጸሐፊው ወደ እኔ ዞረ። «ለአመልካቿ ምናቸው ነዎት?»

አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ጎረቤት» አለች።

ጸሐፊው ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ከዚያ እሷን፣ ከዚያ እንደገና እኔን። አፍንጫችን አንድ ነው፤ ከማንም አይሰወርም። እስክሪብቶውን አየር ላይ እንደያዘ «ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?» አለ።

«ጎረቤት ብለህ ጻፍ፣ ልጄ» አለችው እናቴ።

ጻፈ። እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።